ለወጥ ነው የሚሆነው የተባለው ቲማቲም

አዳማ የሚኖር ሰው ስለ ቲማቲም ማማረር አይችልም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ በአንድ በኩል ወንጂ፣ በሌላ በኩል መልካሳ፣ በሞጆ ዞራችሁ ስትወርዱ ደሞ ቆቃ፣ አለም ጤና፣ መቂ፣ ዝዋይ (ባቱ ልል ነው፣ አፌ አልለምድ ብሎ ነው)፣ አገሩ ሁሉ መስኖ ነው፣ በበጋ በእንጨት ሳጥን ተደርድሮ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲያልፍ አይታችሁት ብቻ ትጠግባላችሁ። ግን እስቲ ጉሊት ውረዱና ከፊት ከፊት ካማረው መደብ አንዱን አንስታችሁ ጫን በሉት። ንቅንቅ የለም። ቆዳው ወፍራም፣ ስትቆርጡት መሀሉ ነጭ፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ሽታ የሚባል ነገር ደሞ ጭራሽ የለውም። ስለዚ አማርራለሁ፣ መብቴ ነው።

ለወጥ ከሆነ ችግር የለውም። ሽንኩርቱ አለ፣ ዘይቱ አለ፣ በርበሬው አለ፣ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ይጠይቀዋል። እኔ የማወራው ግን ስለ ቲማቲምና አይብ ሰላጣ ነው፣ ከምሳ በፊት በትንሽ ሰሃን የሚቀርበው፣ እሳት የማይነካው፣ ወጥ ቅመም የማይሸፍነው። ዋናው ነገር ሁለት ብቻ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ከደበረ የምትደብቁበት ቦታ የለም።

ከምግብ በፊት የሚበላ ምግብ ለኛ ቤት እንግዳ ነገር ነው። እኛ ጋ ትሪው ይመጣል፣ ሁሉም በአንዴ ላዩ ላይ ነው፣ ሰላጣም ካለ ጥግ ላይ ከወጡ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ በእንጀራ ይጠቀለላል። ጓደኞቼን ቤት ጠርቼ ይሄን ሰላጣ ለብቻው ያቀረብኩ ጊዜ አንዱ ሰሃኑን አየ፣ ወደ ኩሽናው አየ፣ ምንም የሚሸት ወጥ የለም፣ ከዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወንድሜ፣ የቤት ኪራይ ጨመሩብህ እንዴ?" አለኝ። ተሳቀ። ግን የአዳማን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ ፋኑ ሙቅ አየር እያዞረ፣ ከውጪ የገባ ሰው ወዲያው ትኩስ ወጥ ፊት መቀመጥ አይፈልግም፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ እና ውሃውን እየጠጣ በሹካ አንድ ሁለቴ ኮምጠጥ ያለ፣ ጨው ያለው፣ ጭማቂው የሚፈስ ነገር ሲቀምስ እንዴት እንደሚነቃ በአይናችሁ ታያላችሁ፣ ከዛ በኋላ ነው ወጡም የሚበላው። አሁን አሁንማ ራሳቸው ገና ከበር "ያቺ ነገር የለችም?" ነው የሚሉት።

መነሻው የጣሊያን ነው። ኔፕልስ ፊት ለፊት ባህሩ ላይ ካፕሪ የምትባል ደሴት አለች፣ ካፕሬዜ የሚባለው ሰላጣ ስሙን ከሷ ነው የወሰደው። ቲማቲም፣ ሞዛሬላ የሚባለው አይባቸው፣ የባሲል ቅጠል፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው፣ አለቀ። ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ባንዲራቸውን ሰሃን ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ቲማቲሙ ራሱ ግን የነሱ አይደለም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ አህጉር ተሻግሮ ነው አውሮፓ የገባው፣ ስለዚ በባለቤትነት ብዙ አንጨቃጨቅም። ደሞ እኮ ወደ ወንጂ የሚወርደውን የአዋሽን ውሃ አጠራቅሞ የሚለቀው የቆቃ ግድብ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1960 ያለቀው፣ ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ ነው የተሰራው። እና እኔ ሰላጣቸውን አዳማ ላይ ስሰራ እንደ ውዝፍ ሂሳብ ነው የምቆጥረው።

ወደ ቲማቲሙ ልመለስ። ድርቅ ያለው ለምንድነው? ጥፋቱ የገበሬው አይደለም፣ የመንገዱ ነው። ቲማቲም ከተለቀመ በኋላም ይበስላል፣ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ራሱ እያወጣ በራሱ ጋዝ ነው የሚበስለው፣ ስለዚ ነጋዴው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሊቀላ ሲል ያስለቅመዋል፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ተደራርቦ አዲስ አበባ ድረስ ሳይጨፈለቅ እንዲገባለት። ዘሩም ለዛ የሚሆን ነው፣ ሞላላው ሮማ የሚባለው፣ ስጋው ብዙ፣ ጭማቂው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ለጭነት አንደኛ። ነጋዴው ልክ ነው፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደዛ ነው የማደርገው። ሌላው ሙቀታችን ነው። ቲማቲም ከ30 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ቀዩን ቀለም በደንብ መስራት ያቅተዋል፣ ቢጫና ብርቱካን ላይ ይቀራል፣ ለዛ ነው በግንቦት ቆርቆሮ ስር ተከምሮ የዋለ ቲማቲም ይለሰልሳል እንጂ አይቀላም።

ጉሊት ላይ ግን አንድ ጥግ አለ። ሴቶቹ ያማረውን ከፊት ደርድረው የለሰለሰውን ወደ ኋላ፣ አንዳንዴ ማዳበሪያ ላይ፣ ለብቻው መድበው በርካሽ ይሸጡታል። እኔ የምሄደው እዛ ነው። የምገዛቸው እናት መጀመሪያ አካባቢ አይሸጡልኝም ነበር ማለት ይቻላል።

"እማማ ከዚህ ልምረጥ?"

"ኧረ ልጄ እሱ ለወጥ ነው የሚሆነው፣ ለምንድነው የፈለግከው?"

"ለሰላጣ።"

"ለሰላጣማ ከዚህ ውሰድ! ያ ይፈሳል እኮ።"

"እንዲፈስ ነው የምፈልገው እማማ።"

ጎረቤታቸውን አዩ፣ ጎረቤታቸው እኔን አየች፣ ሚስት አለህ ወይ ተባልኩ፣ የለኝም አልኩ፣ በቃ ሁሉም ነገር ገባቸው። አሁን ግን ደንበኛ ነን፣ ሲያዩኝ ከጀርባቸው ፌስታል ያወጣሉ፣ "ያንን የሚፈሰውን አስቀምጬልሃለሁ" ይሉኛል፣ ሰላጣ እንደምሰራበት ግን እስካሁን አላመኑም መሰለኝ።

ስትመርጡ በአይን አትምረጡ። ጭራው የነበረበትን ቦታ ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት፣ የቲማቲም ቅጠል ሽታ ከሸተተ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልሸተተ የፈለገ ቢቀላ ተዉት። ለስላሳ ይሁን እንጂ የፈነዳ አይሁን። እዛው ጭራው አካባቢ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካለ መልሱት፣ ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ተባይ ነች፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ነው አገራችን የገባችው፣ ትሉ ውስጡን በልቶት ከላይ ግን ደህና ይመስላል። ጠንካራውን ብቻ ካገኛችሁም ተስፋ አትቁረጡ፣ ቤት ውስጥ ጥላ ቦታ ወረቀት ላይ በጭራው በኩል ደፍታችሁ፣ ከአጠገቡ የበሰለ ሙዝ አድርጋችሁ አቆዩት፣ የሙዙ ጋዝ ያፈጥነዋል። ፍሪጅ ግን በፍፁም! ከ12 ዲግሪ በታች ሲሆን ያንን ሽታ የሚሰጡት ነገሮች መሰራታቸውን ያቆማሉ፣ በኋላ አውጥታችሁ ብታሞቁት እንኳን የጠፋው ጣእም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቤቱ ይሞቃል ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ስለዚ ትንሽ ትንሽ ግዙ። ቀዝቃዛ መሆን ያለበት አይቡና ሰሃኑ ነው።

አይቡ ላይ ደሞ አዳማ እድለኛ ነች፣ አርሲ ጎረቤታችን ነው። አሰላ በስዊድኖች እርዳታ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1967 ጀምሮ ካዱ የሚባለው ፕሮጀክት የአገሩን ላም ከፈረንጅ ላም እያዳቀለ ሲያከፋፍል የነበረበት ቦታ ነው፣ የወተት ነገር እዛ አካባቢ የቆየ ሙያ ነው። እኔ የምገዛው ከዛ ወገን ይዘው ከሚመጡ አዴ ነው፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ሳትቀምስ አይሸጡልህም፣ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው እጅህ ጀርባ ላይ ያስቀምጡልሃል፣ አንተ እስክትውጥ ፊትህን ያያሉ። ጥሩ አይብ ምላስ ላይ ትንሽ ኮምጠጥ ይልና መጨረሻ ላይ ጭስ ጭስ ይላል፣ ምክንያቱም የወተቱ እቃ በወይራ የታጠነ ነው። ይሄ ነገር ሁሌ ያስገርመኛል፣ የጣሊያኑ ሰላጣ በወይራ ዘይት ነው የሚሰራው፣ የኛ አይብ ደሞ በወይራ ጭስ፣ ዛፎቹ የአንድ ዝርያ ናቸው፣ እነሱ ፍሬውን ጨመቁት እኛ እንጨቱን አጨስነው።

ግን አይብ ሞዛሬላ አይደለም፣ በሞዛሬላ ፈንታ ዝም ብላችሁ ብትዘረግፉት ሰላጣው ገንፎ ይሆናል። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሞዛሬላ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ከረጋ በኋላ በፈላ ውሃ ውስጥ እየተሳበና እየተለጠጠ ነው የሚሰራው፣ ለዛ ነው በቢላ የሚቆረጠውና ፒዛ ላይ የሚጎተተው። አይብ የሚወጣው ከአሬራ ነው። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የቀረው አሬራ በለዘብታ እሳት ሳይፈላ ይሞቃል፣ አይቡ ከላይ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ከስር ይቀራል። ያረጋው ኮምጣጣነቱና ሙቀቱ ስለሆነ እሳት ላይ መልሳችሁ ብታስቀምጡት አይቀልጥም፣ ይደርቃል እንጂ። ሌላው ደሞ ቅባቱ አስቀድሞ በቅቤ መልክ ሄዷል፣ ስለዚ ብቻውን አፍ ላይ ደረቅ ደረቅ ይላል። ሰላጣው ላይ የምናፈሰው ዘይት ከጌጥ ያለፈ ስራ አለው፣ ቅቤው የወሰደውን ነው የሚመልሰው፣ እና አትሰስቱ።

ስለዚ ዋዜማውን ነው የሚጀመረው። አይቡን በትንሽ ጨው እሸዋለሁ፣ በንፁህ ሻሽ እጠቀልለዋለሁ፣ ጫፉን አስሬ የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ አጓቱ ጠብ ጠብ ይላል፣ መንጠባጠቡን ሲያቆም ከነሻሹ ጎድጓዳ ሰሃን ውስጥ ከትቼ ላዩ ላይ ሰሃን ደፍቼ ሙቀጫውን እጭንበታለሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። የፍሪጁ መደርደሪያ እስኪሰበር ድረስ አትጫኑ እንግዲህ። ጠዋት ሻሹን ስትፈቱት የጨርቁ ክር ቆዳው ላይ ታትሞ፣ ጥጥ የነበረው ነገር ክብ ሆኖ ቆሞ ታገኙታላችሁ። በስሱ አይቆረጥም፣ ይፈርሳል፣ ግን በእጅ አውራ ጣት በሚያክል በሚያክል ስትቆርሱት ቅርፁን ይይዛል፣ እኔ ደሞ ከተቆረጠ የተቆረሰ ነው የምወደው፣ ሸካራው ፊት ጭማቂውን ይጠጣል። ሱፐርማርኬት ያለውን ፕሮቮሎኔ አይብ የሚጠቀሙ አሉ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ለቶስት አሪፍ ነው፣ ጥሬ ቲማቲም አጠገብ ግን ማስቲካ ይሆንብኛል።

አሁን የምወደው ክፍል። ቲማቲሙን በጥርሳም የዳቦ ቢላ (ለስላሳ ቲማቲም በደነዘ ቢላ ይጨፈለቃል) በጣት ውፍረት እቆራርጠዋለሁ፣ ወንፊት ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ስሩ ጎድጓዳ ሰሃን፣ ከላይ ጨው በተን። ከዛ ቆማችሁ እዩት። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ላብ ይይዛል፣ ላቡ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ነጠብጣቦቹ ይገናኛሉ፣ ከዛ ከስር ጠብ ማለት ይጀምራል። 15 ደቂቃ ይበቃዋል። የጣእሙ ነገር ያለው ደሞ እዚህ ጋ ነው፣ ያ ፍሬውን የከበበው ዝልግልጉ፣ ብዙ ሰው በማንኪያ ጠርጎ የሚጥለው፣ ስጋ ስጋ የሚለውን ጣእም የሚሰጠው ግሉታሜት ከቲማቲሙ ስጋ ይልቅ እሱ ውስጥ ነው የሚበዛው። ያንን የሚጥል ሰው ቲማቲሙን ጥሎ ልጣጩን እየበላ ነው። ስለዚ ጎድጓዳው ውስጥ የተጠራቀመው ሮዝ ውሃ አይደፋም፣ ማጣፈጫው እሱ ነው። ሁለት ሶስት ጠብታ ሎሚ፣ ዘይት፣ አንድ ፍሬው የወጣ ቃሪያ ደቅቆ፣ አንድ ዘለላ ጤና አዳም በጣት ታሽቶ፣ በሹካ መታ መታ።

ቅጠሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባሲል አዳማ ላይ ሁሌ አይገኝም፣ ግን የቅርብ ዘመዱ በሶብላ አለ፣ እኛ አድርቀን በርበሬና ሽሮ ውስጥ ስለምንከተው እርጥቡን ጥሬ የሚበላ ሰው ብዙም አላየሁም። በረንዳ ላይ በቆርቆሮ የተከልኩት አለኝ፣ ሽታው ከባሲሉ ይበረታል፣ ስለዚ እንደ ጣሊያኖቹ ቅጠሉን እንዳለ መደርደር አይሆንም፣ ሁለት ሶስት ቅጠል ቀድዶ መበተን ነው። ጤና አዳምና አይብ ደሞ የተዋወቁ ናቸው፣ እሱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ዘይቱን በተመለከተ፣ የወይራ ዘይት ካላችሁ እሰየው፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል፣ ከሌለ የሱፍ ዘይት ነው፣ እሱም ሽታ ስለሌለው ቅጠሉን አይጫነውም። የኑግ ዘይት እወዳለሁ፣ እዚህ ጋ ግን ብቻውን ያወራል።

ሽንኩርት የለውም። ይሄ ነው ከእናቴ ጋር ያላስማማን። እማዬ ሽንኩርትና አቼቶ የሌለው ነገር ሰላጣ ነው ብላ አትቀበልም፣ ስትመጣ ቀምሳ "ጥሩ ነው፣ መቼ ነው የምትጨርሰው?" አለችኝ። የኔ ክርክር አንድ ነው፣ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት ከገባ ያ ሁሉ የጭስና የወይራ ነገር አይሰማም፣ ሙሉ ቀን የሚሰማችሁ ሽንኩርቱ ነው። አቼቶም እንደዛው፣ አይቡ ራሱ ኮምጣጣ ነው፣ ቲማቲሙም ኮምጣጣ ነው። እሷም የራሷ መልስ አላት፣ "የኛ ቲማቲም ሰላጣ ምን ጎድሎት ነው ስታሻሽለው የምትውለው?" ትለኛለች። ምንም አልጎደለውም። ለፆም ቀን እሱን ነው የምሰራው፣ በቃሪያ በሽንኩርት በሎሚ፣ አይብ የሚመስል ነገር ፈልጌ ከቶፉ ጋር አልታገልም።

እና ለዚህ ሰላጣ ወቅቱ ከፋሲካ በኋላ ያለው ነው። 55ቱ ቀን አልፏል፣ ሲጠራቀም የከረመው ቅቤና አይብ ገበያ ይወጣል፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና አርብም ስለማይፆም ማንንም መጥራት ይቻላል፣ ሙቀቱ ጣሪያ ነክቷል፣ የመስኖው ቲማቲም ገና አላለቀም። ክረምት ሲገባ የቅጠል በሽታው ይበዛና ቲማቲሙ ይቀንሳል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ያኔ የለሰለሰውም መደብ እንደ ጠንካራው ይሸጣል፣ እኔም እተወዋለሁ።

ስታቀርቡ ቀዝቃዛ ሰፊ ሰሃን ላይ ቲማቲሙን አንጥፉ፣ አይቡን በመሀል በመሀሉ ቁረሱበት፣ በሶብላውን በትኑ፣ ያንን ውሃ መጨረሻ ላይ አፍስሱበት፣ ደቂቃ ሳትፈጁ ወደ ጠረጴዛው። ቀድማችሁ ሰርታችሁ እንግዳ አትጠብቁበት፣ በዚህ ሙቀት አይብ ውጪ ከአንድ ሰአት በላይ መቀመጥ የለበትም። አጠገቡ ፉርኖ ዳቦ ይኑር፣ ሰሃኑ ስር የሚቀረውን ለመጥረግ፣ እንጀራ ለዚህ አይሆንም፣ ውሃውን ጠጥቶ ይበጣጠሳል። ሹካ ስጡ ግን ጣት የሚገባበትን አትከልክሉ።

ከተረፈ (አይተርፍም ግን ከተረፈ) ወዲያው ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ የቲማቲሙ ነገር ካሁን በኋላ አልቋል። ጠዋት አይቡ ሮዝ ሆኖ፣ ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ያኔ የትናንቱን እንጀራ ቆራርሳችሁ ፍትፍት አድርጉት፣ ሚጥሚጣ ነስነስ፣ የቁርስ ንጉስ ነው። እሱ ላይ ሽንኩርት እጨምራለሁ፣ ለእማዬ እንዳትነግሩብኝ።